የበሬው እግርና የወንድሜ ጥያቄ

ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ቀን ነው። ወንድሜ አስማረ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ግድግዳውን በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ለብጦታል። ስገባ ሰላም እንኳ አላለኝም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቶ ማይኩን ከፈተው።

"ምን ይሰማሃል?"

"ምንም።"

"እንደገና ስማ።"

ሰማሁ። ባጃጅ ያልፋል። የፎቶ ቤቱ ማተሚያ ይንሿሿል። ቆርቆሮው ላይ ርግብ ትራመዳለች። አንድ በአንድ ነገርኩት። "በል ተቀጥረሃል፤ ርግቧን አባርና ና" አለኝ።

ሀያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። አስማረ በስድስት ዓመት ታላቄ ነበር፤ የባዮሎጂ መምህር ነው። በትርፍ ጊዜው ስለ ጥንት ዕቃ፣ ስለ እንስሳትና ስለ ሰው ልጅ ከተመራማሪዎች ጋር የሚጨዋወትበት የዩቲዩብ ቻናል ነበረው። ማዕረጋችን ሁለት ብቻ ነበር፤ እሱ ጠያቂ፣ እኔ ቀጂ። ቀጂ አይናገርም። ይህ ለእኔ ተስማሚ ነበር፤ ሰው ፊት ስናገር ቃል ይይዘኛል።

ሥራውን ቀስ በቀስ ተማርኩ። ማይክ ከአንገት በታች አራት ጣት ወርዶ ይሰካል። ጋቢ የለበሱ አባት ሲሆኑ ግን ውስጥ አይሰካም፤ ጋቢው እየታሸ ድምፁን ያበላሸዋል። "ጋቢዎን ያውልቁ" ደግሞ አይባልም። ስለዚህ የጋቢው ጠርዝ ላይ፣ ከውጭ ነው። ነፋስ ሲሆን ማይኩን በበግ ፀጉር እንሸፍነዋለን። በካሜራው የተነሣው ሁሉ ማታውኑ ወደ ላፕቶፕ ይገለበጣል፤ የእንግዳው ስም በፎልደሩ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ካሜራው ሚሞሪ ላይ ያለው ይጠፋል። መገልበጡ የአስማረ፣ ማጥፋቱ የእኔ ሥራ ነበር።

ብዙ ጊዜ የምንጋብዛቸው ዶክተር መቅደስን ነበር። አርኪኦሎጂስት ናቸው። የሚያጠኑት በጥንት ጊዜ ሰውና እንስሳ እንዴት አብረው እንደኖሩ ነው፤ የሚያገኙት ግን ስብርባሪ አጥንት ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ በአንድ ገበሬ ማሳ ጥግ ከተማሪዎቻቸው ጋር ይቆፍሩ ነበር። ቢላ የነካው አጥንት መስመሩ ቀጭንና ስል እንደሆነ፣ ጅብ የቆረጠመው ግን ጎድጎድ ጎድጎድ እንደሚል አንድ ቀን አሳዩን። አንዱ አጥንት ላይ ሁለቱም ነበረበት። የማሳው ባለቤት ጎንበስ ብለው አዩና "እንግዲህ ሰውዬውና ጅቡ አንድ ማዕድ ቆርሰዋል በሉኛ" አሉ። ዶክተሯ ሲስቁ ማይኩ ተንጫረረ። ያን ድምፅ ቆርጬ አላወጣሁትም፤ ቪዲዮው ላይ አሁንም አለ።

ያን ሰሞን ናቲ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ናቲ የራሱ ትልቅ ቻናል ያለው፣ ብዙ ተከታይ ያፈራ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ጥሩ ማይካችንን የሰጠን እሱ ነው። ክፍላችን ውስጥ ፍራሹን ተደግፎ ቪዲዮውን አየ።

"ብሮ፣ ርዕሱን ቀይረው። 'ጎጃም ውስጥ የተገኘው ግዙፍ አጥንት' በለው።"

"የበሬ አጥንት ነው እኮ" አለ አስማረ።

"ግዙፍ በሬ በለዋ።"

"በሬ መቼ ድመት አክሎ ያውቃል?"

ናቲ ሳቀና ተወው። ርዕሱ "ቢላና ጅብ" ተብሎ ወጣ። ያየው ሰው ጥቂት ነው።

አስማረ ኩላሊቱን ታሞ ነበር። እኔ አውቃለሁ፤ እናታችን ታውቃለች። ወጡ ያለ ጨው ለብቻው ይሠራለት ነበር፤ ቀረጻ ስንወጣ በሳህን ቋጥሬ የምይዘው እኔ ነኝ። እግሩ ሲያብጥ የጫማውን ክር ፈትቶ ይሄዳል። ሰው ሲጠይቀው "ለፋሽን ነው" ይላል።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የቀዳነው እዚያው ቡሬ ማሳው ላይ ነው። ዶክተር መቅደስ አዲስ ነገር አግኝተው ጠሩን። የበሬ የፊት እግር አጥንት ነው። ተሰብሮ፣ ጠምሞ፣ ገጥሟል። እንዲህ ሆኖ የዳነ ብዙ እንዳላዩ ነገሩን። አስማረ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አጥንቱን በሁለት እጁ ያዘው። ጥያቄውን እንደማስታውሰው ልጻፈው።

"ይህ በሬ ማረስ ካልቻለ ለምን አላረዱትም?"

"አጥንቱ መሰበሩንና መዳኑን ይነግረኛል" አሉ ዶክተሯ። "መነሣት ባቃተው ጊዜ ሣርና ውኃ ያቀረበለት ሰው እንደነበረ እገምታለሁ። ለምን እንዳቀረበለት ግን አጥንቱ አልነገረኝም።"

አስማረ ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነው። በማዳመጫው ትንፋሹ ይሰማኛል። ከዚያ አጥንቱን መለሰላቸውና አመሰገናቸው። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ያቺን ዝምታ እንዳትቆርጣት" አለኝ። እሺ አልኩት።

በዚያ ሳምንት መብራት ጠፋ። ኢንተርኔቱም የለም። አስማረ ላፕቶፑ ሳይሞት ቸኩሎ ፎልደር ከፍቶ "በሬው" ብሎ ጻፈበት። ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ። ሲገለብጥ ግን አላየሁም። በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር ሆስፒታል አስገባነው። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ይዘነው ተመለስን።

አርባው ካለፈ በኋላ እሱ የያዘው ቀጠሮ ትዝ አለኝ። ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመሪጌታ ጥበቡ ጋር ነው። መሪጌታ ለብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። አስማረ ሊጠይቃቸው የፈለገው በቤተ ክርስቲያኑ ደን ስለሚኖሩት ጉሬዛዎች ነበር። ቀጠሮ ይዞ መቅረት አይሆንልኝም። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ካሜራውን ይዤ ሄድኩ።

መሪጌታ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። ማይኩን የጋቢያቸው ጠርዝ ላይ ሰካሁላቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የያዝኩት፣ እሱንም እየተንተባተብኩ ጠየቅሁ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከዚህ አጥር የገባ እንስሳ እንደማይነካ፣ ተማሪ እያሉ አንድ ባልንጀራቸው ጉሬዛ በድንጋይ ቢመታ የኔታቸው ሦስት ቀን ከጉባኤ እንዳገዱት፣ ልጁም ሦስቱንም ቀን ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ የመታውን ጉሬዛ ሲፈልግ እንደዋለ ነገሩኝ። "አገኘው?" አላልኩም። ወሬያቸው ወደዚያው እየሄደ ነበር።

በዚህ መሀል ካሜራው ሚሞሪው መሙላቱን በቀይ ጻፈ። ሌላ ሚሞሪ ነበረኝ፤ ቦርሳዬ ግን ደጀ ሰላሙ ጋ ነው። ሄጄ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን አንድ አዛውንት፣ መሪጌታ፣ ወሬ ይዘው ሳለ "ይቆዩኝ" እንዴት ይባላል? እኛ አገር አይባልም። ቀና ብዬ እያየኋቸው፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ በአውራ ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ እየተጫንኩ ወደ ቆዩት ቀረጻዎች ሄድኩ። የቡሬው ቀረጻ አለ። ፎልደሩ ትዝ አለኝ። ተገልብጧል ብዬ አጠፋሁትና መቅዳቴን ቀጠልኩ። መሪጌታ አንድ ቃል ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ልጁ ጉሬዛውን አላገኘውም።

ማታ ላፕቶፑን ከፈትኩ። "በሬው" የሚለው ፎልደር ባዶ ነበር።

ሚሞሪውን ባሕር ዳር ወስጄ ለአንድ ባለሙያ ሰጠሁት። ሲሞክር ዋለና "ሌላ ድምፅ ላዩ ላይ ተጽፎበታል" አለኝ። የመሪጌታ ድምፅ ነው።

የአስማረ ሌሎች ቪዲዮዎች አሉኝ። ድምፁ ጠፋ ማለቴ አይደለም። የናፈቀኝ ያችው የመጨረሻዋ ናት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጠየቀው፣ ከዚያ ዝም ያለው። አትቁረጣት ያለኝ እሷን ብቻ ነው።

ለናቲ ደውዬ ነገርኩት። እሱም አለቀሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ "ብሮ፣ መፍትሔ አለው" አለኝ። "ጥያቄውን ጻፍልኝ። በድሮ ቪዲዮዎቹ በኤአይ የሱኑ ድምፅ አወጣልሃለሁ። ዶክተሯ መልሳቸውን ይድገሙልህ። ማንም አያውቅም።" መሞከሪያ ላከልኝ። "ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ" ይላል። አስማረ ነው። ደግሜ ከፈትኩት። ደግሜ ደግሜ ከፈትኩት።

እናቴ ውጭ ጤፍ ታበጥር ነበር። ሰፌዱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

"ከየት አገኘኸው?"

"የድሮ ነው" አልኳት።

ዋሸኋት። ተመልሳ ሄደች። የሰፌዱ ድምፅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተሰማም።

ለመሪጌታ ደግሞ የእሳቸውን ቪዲዮ ላሳያቸው በስልኬ ይዤላቸው ሄድኩ። አይተው ሲጨርሱ የጠፋውን ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል እንደሆነ አላውቅም። ስልኩን መለሱልኝ።

"ምነው ልጄ" አሉ። "ተማሪ ሲያስነጥስ እንኳ ቆም ብዬ 'ይማርህ' ብያለሁ። ቆዩኝ ብትለኝ እቆይ አልነበር?"

"አፈርኩ፣ የኔታ።"

"ያፈርከው እኔን አክብረህ ነው። እኔ ግን ካልተነገረኝ ከምን አውቃለሁ?"

ከዚያ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ዶክተር መቅደስ ለሥራ በተከራዩት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሰባበረ የሸክላ ማሰሮ እየገጣጠሙ ነበር። ከገላው የጎደለው ብዙ ነው። የጎደለውን በነጭ ጄሶ ይሞሉታል። ማሰሮው ቡናማ፣ ጄሶው ነጭ ሆኖ ዝንጉርጉር መስሏል።

"እንደ ሸክላው ለምን አያቀልሙትም?" አልኳቸው።

"ማቅለም ቀላል ነበር" አሉኝ። "ግን ከእኔ በኋላ የሚያየው ሰው የቱ የሸክላ ሠሪዋ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ መለየት አለበት። ካልለየ የእኔን ጄሶ የእሷ ብሎ ያጠናዋል።"

ስለ ናቲ ሐሳብ ነገርኳቸው። አድርግም አታድርግም አላሉኝም። "አስማረ ጥያቄውን እንዴት ነበር የጠየቀው?" ብለው ጠየቁኝ።

"'ለምን አላረዱትም' ነው ያለው።"

ብሩሹን አስቀመጡት። "እኔ የማስታውሰው 'ማን አበላው' ሲል ነው።"

ተያየን። ሁለታችንም እርግጠኛ ነበርን። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል፣ ወይም ሁለቱንም ብሏል። የሚነግረን የለም። ናቲ የትኛውን ጥያቄ በአስማረ ድምፅ ሊያወጣ ነው? ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት።

ካሜራውን ተከልኩ። ማይኩን ለዶክተሯ ሰካሁ፤ ሁለተኛውን ለራሴ ሰካሁት። ለራሴ ሰክቼ አላውቅም ነበር። እንዲህ አልኩ፦ "ይህን ጥያቄ የጠየቀው ወንድሜ አስማረ ነው። ቀረጻው በእኔ ስሕተት ጠፍቷል። ቃሉን እኔ አንድ ዓይነት፣ ዶክተሯ ሌላ ዓይነት ያስታውሱታል። ሁለቱንም እጠይቃለሁ።" ይህችን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ቃል ያዘኝ። ዶክተሯ ጠበቁኝ። ከዚያ ለምን እንዳላረዱት ጠየቅሁ፤ ማን እንዳበላውም ጠየቅሁ። መለሱልኝ። መልሱ ያው ነው። ዝም ለማለት ሞከርኩ፣ እንደ እሱ ግን አልሆነልኝም። አጭር ዝምታ ናት። አልቆረጥኳትም።

ለናቲ እንዳይሠራው ነገርኩት። "እንደፈለግህ ብሮ" አለኝ። አልተቀየመም። ያንን መሞከሪያ ከስልኬ አጠፋሁት። ቶሎ አላጠፋሁትም፤ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ለእናቴም እውነቱን ነገርኳት። ድምፁ በማሽን የተሠራ እንጂ የአስማረ እንዳልነበር አስረዳኋት።

"ጠርጥሬ ነበር" አለችኝ። "አስማረ ሰላም ሲል ትንፋሹ ቀድሞ ይመጣል። ያኛው ትንፋሽ የለውም።"

ከዚያ ወዲህ ሥራውን እኔ ይዤዋለሁ፤ ጠያቂም ቀጂም ነኝ። ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። ሚሞሪ ከማጥፋታችሁ በፊት ፎልደሩን ከፍታችሁ ቪዲዮውን እዩት፤ የፎልደሩን ስም አትመኑ። አዛውንት ወሬ ይዘው ሳለ መሣሪያችሁ ከቆመ "ይቆዩኝ" በሏቸው፤ ይቆያሉ። የጠፋ ነገር ካለ ደግሞ ጠፋ በሉ።