የደረቀው ቁስል

ዛሬ ሚዛን፣ በምሠራበት ክሊኒክ፣ የአንዲት እናት እግር ላይ ያለውን ፋሻ ስፈታ የመግሉ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። ወዲያው ቴፒ ያሳለፍኩት ልጅነቴ፣ የላማችን የቡሬ ጭን ትዝ አለኝ።

ቡሬን የተቆረጠ የቡና ጉቶ ወግቷት ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሕፃኑ ወንድሜ የሚያድገው በቡሬ ወተት ነበር። ቁስሏን በጨው ውኃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። መግሉ ሲያንገሸግሸኝ ያዩት ጎረቤታችን፣ ከብት በማከም ያረጁት ጋሽ ወልዴ፣

«አትጸየፊው ልጄ» አሉኝ። «በደሟ ውስጥ ከጀርም ጋር የሚታገሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነጫጭ ሕዋሳት አሉ። ይሄ የእነሱ ሬሳ ነው። እየፈሰሰ እስካለ ድረስ እየታገሉላት ነው።»

በአምስተኛው ቀን ቁስሉን ደርቆ አገኘሁት። ዳነች ብዬ በደስታ እየሮጥኩ ሄጄ ጠራኋቸው። ጋሽ ወልዴ ጆሮዋን ዳሰሱ፤ በረዶ ሆኗል።

«አልዳነችም ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሚታገልላት አልቆ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቡሬ ሞተች። ወንድሜ እስኪመሽ በረሃብ አለቀሰ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚደርቅልኝ?» አሉኝ ዛሬ ፋሻቸውን የፈታሁላቸው እማማ።

ፋሻውን አስቀምጬ፣ እግራቸው ይሞቅ እንደሆነ በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ።