ከጂፑ ላይ የወረደችው ሙሽራ

በአሜሪካዋ ኮሎምበስ የሚኖሩ ያገሬ ሰዎች፣ ስሜን የማያውቁት እንኳ፣ ስለ እኔ አንድ ነገር ያውቃሉ፦ በሰርጓ ቀን ሙሽራን ከመኪና ላይ ጎትቶ ያወረደ ሰው ነኝ። ወሬው ለቅሶ ቤትም ሆነ ልደት ቤት ከእኔ ቀድሞ ይገባል፤ እኔ ስደርስ ወንበር ይዞ ይጠብቀኛል። እኔ ሙሽራዋን አልጎተትኋትም። ክርኗን ደግፌ አወረድኋት። ይህን ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ተናግሬአለሁ፤ ደጋግሜ በተናገርሁት መጠን ግን ትዝታው እየሳሳ ሄዶ፣ አሁን የማስታውሰው ቀኑን ይሁን የራሴን ንግግር ለመለየት እቸገራለሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ የቀረኝን ያህል ለመያዝ።

መኪናው የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ማንም ስለማያምነኝ ነው። በርና ጣሪያ የሌለው፣ የፊት መስታወቱ ኮፈኑ ላይ የሚተኛ፣ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጂፕ ነው። ስገዛው ግማሹ በካርቶን ውስጥ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብሊን በምትባለው የኮሎምበስ ዳርቻ ባለ ቢሮ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ፤ ቅዳሜን ግን ለዓመታት ግሮቭ ሲቲ በተከራየሁት ጋራዥ ውስጥ ዝገት ስፍቅ አሳልፌአለሁ። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሳጠና ስለ ማስረጃ ብዙ ተምሬ ነበር፤ የዓይን ምስክር ምን ያህል እንደሚሳሳት ግን ያረጋገጠልኝ ያ ጋራዥ ነው። በገዛ እጄ የፈታሁት ብሎን ከየት እንደ ወጣ በርግጠኝነት እናገርና፣ ቀዳዳው አልቀበልም ይለኝ ነበር።

በሰመር ወራት የድሮ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ያላቸው ሰዎች መኪኖቻቸውን በመናፈሻ ሣር ላይ ደርድረው ለሕዝብ ያሳያሉ። እኔም ከማኅበራቸው አባላት አንዱ ነኝ። ሕዝቡ የእነዚህን መኪኖች ባለቤት ይረሳል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ሁሉ የመንግሥት፣ የመንግሥት የሆነ ሁሉ ደግሞ የእርሱ ይመስለዋል። የቢራ ጣሳውን ኮፈኑ ላይ ያስቀምጣል። ከመኪናው ጎን በጠፍር የታሰረውን መጥረቢያ ፈትቶ፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ፎቶ ይነሣል። አንድ አባት የኋላ ወንበሬ ላይ የልጁን ዳይፐር ሲቀይር አግኝቼው ስጠጋ፣ «ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» ብሎኛል፣ ወረፋ የምጠብቅ መስሎት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጥያቄው ነው።

«ባለቤቱ የት ሄዶ ነው?»

«የትም አልሄደም።»

«የቱ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ይህን ከሰማ በኋላም ከትከሻዬ ኋላ አሻግሮ የሚመለከት አለ።

የማኅበራችን የደኅንነት ተቆጣጣሪ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሕዝብ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችን እርሷ ናት። ባለቤት ከመኪናው ከክንዱ ርዝመት በላይ አይርቅም። አይጮህም። ፈቃድ የጠየቀ ሰው ሊወጣ ይችላል፤ ሲወጣና ሲወርድ ግን የባለቤቱ መዳፍ ከክርኑ ሥር ይሆናል። «መያዝ የለም፣ መደገፍ ብቻ» ትለናለች። «ሰው ሲይዙት ይሸሻል፤ ሲሸሽ ይወድቃል።» እኔም ይህን አድርጌአለሁ። የሕፃናትን፣ የሽማግሌ ወታደሮችን፣ የነፍሰ ጡሮችን ክርን ደግፌአለሁ። እጄ እኔን ሳያማክር ወደ ክርን መሄድን ለምዷል። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጎዳኝ በኋላ ነው ያወቅሁት።

በዚያ ቅዳሜ ትርዒቱ ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ነበር። የእኛ ሰርገኞች ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ፎቶ ለመነሣት መናፈሻ መሄዳቸው አይቀርምና፣ ከቀትር በኋላ ረጃጅም መኪኖች መጡ። ሙሽሮችና ሚዜዎች በሣሩ ላይ ሲመጡ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቪዲዮ አንሺያቸው፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ካሜራውን በትከሻው አድርጎ ከፊት ከፊት ወደ ኋላው ይራመዳል። ጂፑን ሲያይ ቆመ። ሰላም አላለኝም። ጂፑን ዙሪያውን ያጠርሁበትን ገመድ አነሣና ሚዜዎቹን አስገባቸው።

«ወንድም፣ የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው።»

«ጠባቂው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁህም። መኪናውን ነው። የየትኛው ፈረንጅ ነው?»

«ፈረንጅ የለበትም። መኪናው የእኔ ነው።»

ሚዜዎቹ ሦስት ሆነው ኮፈኑ ላይ ወጥተዋል። ከመካከላቸው አንዱ እግሩን እያወዛወዘ፣ «ጋሼ፣ በሰዓት ስንት ይከፍሉሃል? ከነሱ አስበልጠን እንከፍልሃለን» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

«ከኮፈኑ ውረዱ። ይሰረጉዳል» አልሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ቢያንስ እንዲህ አምናለሁ።

በዚህ ጊዜ የሙሽራው አጎት፣ ከዘራ የያዙ ትልቅ ሰው፣ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። «የኔ ልጅ፣ ገመዱን አይተነዋል እኮ» አሉኝ። «ለፈረንጆቹ ነው። አንተ የኛ ሰው አይደለህም?»

«ጋሼ፣ ገመዱ ለሁሉም ነው። ቢጠይቁኝ ሙሽራዋን ራሴ ደግፌ አወጣት ነበር።»

«ወንድም ወንድሙን ያስፈቅዳል እንዴ?»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ባዕዱ ባለቤትነቴን ሲክድ ቢያንስ ስለማያውቀኝ ነው። አጎትየው ግን ባለቤት መሆኔን አምነው ካበቁ በኋላ፣ አምነው ስላበቁ፣ ንብረቴን ወሰዱት። የእነሱ ሰው መሆኔ ፈቃዴን አስቀረው። በሕይወቴ ሙሉ ወንድም እየተባልሁ የተቀማሁት ነገር ሁሉ በዚያች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር።

ከሳቸው ጋር ስነጋገር ሙሽራዋ በሹፌሩ ወንበር ላይ ቆማለች። ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ታኮ ጫማ አድርጋ፣ ሸራ በለበሰ ወንበር ላይ፣ አንድ እጇን መሪው ላይ አሳርፋ ቆማለች። ቪዲዮ አንሺው ከታች፣ «ሙሽሪት፣ ወደ ኋላ ዘንበል፣ አበባውን ከፍ፣ ፈገግ» ይላል። የቀሚሷ ጫፍ ከወንበሩ ተርፎ በመጥረቢያው ጠፍር ዘለበት ላይ ወድቋል።

እስከዚህ ያለውን ማንም አይክደኝም። ቀጥሎ ያለውን እንደማስታውሰው እጽፋለሁ። ወደ መኪናው ተመለስሁ። ግራ እግሯ ተንሸራተተ። መዳፌን ከክርኗ ሥር አደረግሁ፤ እስከ ክርኗ የሚደርስ ነጭ ጓንት አጥልቃ ነበር፣ የጨርቁ ልስላሴ እስከ አሁን በእጄ አለ። በገዛ እግሯ ሣሩ ላይ ወረደች። ቀጥሎ የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ዘለበቱ ቀሚሱን ይዞ አስቀርቶት ነበር።

«ጎተታት» አለ አንድ ድምፅ። የማን እንደ ነበር መማል አልችልም። ቪዲዮ አንሺው ይመስለኛል፤ እዚያ ላይ ያቆማት እርሱ ነበርና ሌላ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር። ነርሷ ስትመጣ ሰርገኛው ወደ መኪኖቹ እየተመለሰ ነበር። አላየችምና ምንም ልትል አልቻለችም።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ከተማውን አዳረሰ። የሱቁ ባለቤት ሒሳቤን እየሠራ፣ «ጋሼ፣ አንተ መኪና ላይ ቀበቶ የሚታሰረው እንዳታወርደን ነው አሉ» ብሎ አሳቀብኝ። የቅርብ ወዳጄ ኮል አድርጎ፣ «አንተ ሰው ግን ምን ነካህ?» አለኝ። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ ሽማግሌዎች ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። አጎትየው፣ ሌላ አንድ ትልቅ ሰውና ሙሽሮቹ ነበሩ። ለስላሳ አቀረብሁ። አጎትየው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጀመሩ።

«እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። ይቅርታ በልና ነገሩ ይለቅ።»

«ለምኑ፣ ጋሼ?»

«ለምኑ ምን ያደርግልሃል? ይቅርታ ይቅርታ ነው።»

«ጎትቻት ከሆነ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ካልጎተትኋት ግን፣ ይቅርታ ባልሁ ቁጥር ጎትቻት አለሁ ማለት ነው። ቪዲዮውን አሳዩኝ።»

«አየህ፣ መማር ማለት ይሄ ነው» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ ወደ ጣሪያው እያዩ። «በሰርግ ላይ ማስረጃ የሚጠይቅ።»

ሙሽራው ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ቪዲዮው ተቆርጦ የተቀጠለ ነበር። ሙሽራዋ ወንበሩ ላይ ቆማ ትስቃለች፤ ቀጥሎ ሚዜዎቹ ይታያሉ፤ ቀጥሎ እጄ ክንዷ ላይ ነው። እግሯ ተንሸራትቶ እንደሆነ የሚታይበት ቦታ የለም። ጣቶቼ ከክርኗ ሥር ይሁኑ ወይስ ዙሪያውን ይያዙ፣ የያዘችው አበባ ሸፍኖታል። ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ። ክንዷ ራቁቱን ነበር። ጓንት የሚባል ነገር አልነበራትም።

መልሼ አየሁት። ጓንት የለም። ያ በእጄ አለ ያልሁት ልስላሴ ከየት መጣ? ከሌላ ቀን፣ ከሌላ ሴት ክርን ይሆናል። የደገፍኋቸው እነዚያ ሁሉ ክርኖች ተደራርበው አንድ ክርን ሠርተውልኝ ይሆናል፤ መዳፌም ያን ቀን ያደረገውን ሳይሆን ሁልጊዜ የሚያደርገውን ይመሰክርልኝ ይሆናል። ተቈጥቼ እንደ ነበር አውቃለሁ። የተቈጣ እጅ ምን እንዳደረገ ባለቤቱ እንዴት ይወቅ?

ስልኩን ለሙሽራው ስመልስለት ሙሽራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«መጎተትህንም መደገፍህንም አላየሁም» አለች። «ካሜራውን ነበር የማየው። ክንዴን ግን አላመመኝም።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ከተነገረው ሁሉ የሚታመን ይህ ብቻ ነበር። የሚያውቁትን ያህል ብቻ የተናገሩት እርሷና እኔ ነን፤ እኔ እንኳ ዘግይቼ። አጎትየው ግን ፊታቸውን ወደ እርሷ ሳያዞሩ፣ «አንቺ ተይው፣ ነገር አታርዝሚ» አሏት። ወደ እኔ ተመልሰውም፣ «በል እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ።

ቁጣዬ ያን ጊዜ ሌላ መልክ ያዘ። የተጎዳችው እርሷ ናት ተብሎ ቤቴ ድረስ ተመጥቷል፤ ክንዷ ምን እንደተሰማው ስትናገር ግን የሚሰማት ጠፋ። ይቅርታው ለእርሷ ቢሆን ኖሮ ቃሏ ይበቃ ነበር።

«አልልም» አልሁ። «ያደረግሁትን አላውቅም። ያላወቅሁትን አላምንም፣ አልክድምም።»

ለስላሳው ሳይከፈት ወጡ። ሙሽራዋ ደረጃው ላይ ዞር ብላ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ይህንንም ቢሆን ፈልጌ የጨመርሁት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጂፑን አልሸጥሁም፤ ወደ ትርዒት መሄዴንም አልተውሁም። ባለፈው ሰመር አንዲት ባለ ሽበት ሴትዮ ሳትጠይቀኝ ገመዱን አልፋ አንድ እግሯን የፊት መከላከያ ብረቱ፣ ፓራውልቱ ላይ አወጣች፤ ባሏ በስልኩ ፎቶ ሊያነሣት ነበር። እንደ ደንቡ ከክንዴ ርዝመት አልራቅሁም። «እባክሽ፣ ውረጂ» አልኋት በትሕትና። ሁለተኛውን እግሯን አስከተለች። ሰውነቷ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ታየኝ፤ እጄ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ከዚያ ቆመ። ዓይኔ በካሜራ የሚቀርጸኝን ሰው ይፈልግ ነበር። በጀርባዋ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ያረፈችበት የእጇ አንጓ ወዲያው አበጠ።

ነርሷ በረዶ ይዛ መጥታ ተንበረከከች። አንጓዋን እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ።

«አጠገቧ ነበርህ» አለችኝ።

«ነበርሁ።»

ባልየው ሚስቱን አቅፎ ይዟት ሄደ። ሰዎች ከበውን ነበር፤ አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተዋል። በዚያ ቀን ማንም ጎተትህ አላለኝም።