የዩኒት ሊደሩ ባልዲ

የምታውቁትን ነገር፣ ለዚያውም ሌላውን የምታስተምሩትን፣ ልትናገሩት በሚገባችሁ ሰዓት ዝም ያላችሁበት ቀን ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነግሬያለሁ፣ እናቴ ላይ መጮኼን ነግሬያለሁ። "ሌላስ?" ሲሉኝ ግን "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። አለ። በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ጥፋቴም እዚያው ውስጥ ነው።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው ዳገት ላይ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ተማሪ አባት ለቤተ ሙከራችን አኳሪየም ሰጡን። ውስጡ አሥራ ሁለት ሲክሊዶች ነበሩ፤ ቢጫና ሰማያዊ፣ መዳፍ የማይሞሉ ዓሦች። ከሐይቆቻችን የምንበላው ቆሮሶ ዘመዳቸው ነው። ሲክሊድ ያምራል፣ ግን ጠበኛ ነው። አንድን ድንጋይ የእኔ ካለ ሌላው በአጠገቡ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ከእኛዎቹ አንዱ ትልቅ ሰማያዊ ወንድ ያሳድዳል፣ ጅራት ይነክሳል፣ ደካሞቹን ከማጣሪያው ጀርባ ወትፎ ያስርባል። ተማሪዎቼ "ዩኒት ሊደሩ" አሉት። በየጠዋቱ በር ላይ አርፋጅ የሚይዙት እውነተኛው ዩኒት ሊደራችን ይህን ሲሰሙ፣ "እኔ እንኳ እስካሁን ጅራት አልነከስኩም" ብለው ሳቁ።

ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹ ታመሙ። መጀመሪያ ሁለቱ ላይ፣ ቀጥሎ አምስቱ ላይ፣ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ። ገላቸውን በድንጋይ ያሻሉ፤ አይበሉም። አነበብኩ፣ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። ጠቡና በሽታው የተያያዙ ናቸው፦ የሚሳደድ ዓሣ ይጨነቃል፣ የተጨነቀ ዓሣ ደግሞ በሽታ አይቋቋምም። ስለዚህ መመሪያ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጠበኛው ለብቻው ይሁን። ማንም የቆየ ግዛት እንዳይኖረው ድንጋዮቹ ቦታ ይቀያየሩ። ውሃው በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አይቀየር። የቧንቧ ውሃ ቢያንስ አንድ ቀን በባልዲ ሳያድር ፈጽሞ አይጨመር፣ ክሎሪኑ ዓሣ ይገድላልና። "ፈጽሞ" የሚለው ሥር በቀይ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩት እኔ ነኝ።

ቤተ ሙከራውን የሚያጸዱት እትዬ አስካለ ነበሩ። ልጃቸው ትርሲት ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ትመላለሳለች፤ እሳቸው ደግሞ ከእንጦጦ ጸበል እየቀዱ ያጠጧታል። መድኃኒቷን ግን አያስቋርጧትም፤ "ሁለቱም የእግዜር ነው" ይላሉ። ማንበብ ስለማይችሉ መመሪያዬን አነበብኩላቸው። መጥረጊያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ቲቸርዬ፣ ይሄ ሁሉ ለዓሣ? ልጄ እንኳ እንዲህ ያለ ሐኪም አላገኘች!" አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሲሰማኝ ደስ ይለኛል።

ዩኒት ሊደሩን አውጥቼ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት የቆየ ውሃ ባልዲ ውስጥ ለብቻው አደረግኩት። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ።

ዓርብ የወላጆች ቀን ነበር። በዚያ ሳምንት የፈረቃው ውሃ ሦስት ቀን ስለጠፋ ውሃ የማሳድርባቸው ባልዲዎች ባዶ ነበሩ፤ አኳሪየሙም ደፍርሷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሲተነፍስ ቆየና ውሃ መጣ። በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። አሸተትኩት። ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። ከዚያ ዓሦቹን ወደ ሳፋ አወጣሁ፣ የቆየውን ውሃ በሙሉ ደፋሁ፣ ድንጋዮቹን አጠብኩ፣ አኳሪየሙን እስከ አፉ ከቧንቧው ሞላሁት። ለምን? አሮጌው ውሃ ለእንግዳ አያምርም ብዬ። እኔ አደረግኩት። ዓሦቹን መለስኳቸው፤ የዩኒት ሊደሩን ባልዲ አልነካሁም። አንዷ ቢጫ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት። "ትለምደዋለች" ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ብሎ አሥራ አንዱም ዓሣ በጀርባው ተንሳፍፏል። ርዕሰ መምህሩ ገቡ። ገና አፌን ሳልከፍት እትዬ አስካለ ከበሩ ጥግ ተናገሩ።

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ማታ ስጠርግ ትንፋሽ አጥሯቸው ላይ ላይ ሲሉ አየኋቸው። ለትርሲት ከያዝኩት ጸበል በክዳን ጠብ አደረግኩላቸው።"

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህ ሊገድላቸው ይችላል?"

"የምንጭ ውሃ ጀርም ሊኖረው ይችላል" አልኩ። "የታመመ ዓሣ ደግሞ አይቋቋምም።"

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው እውነት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጥኳቸው ለውሸት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ከእንግዲህ ቤተ ሙከራ እንዳይገቡ ነግረዋቸው ወጡ። እትዬ አስካለ ባልዲው ላይ ጎንበስ አሉ። ዩኒት ሊደሩ ውስጡ ይዞራል። "ለዚህ ለክፉውም ጠብ አድርጌለት ነበር፤ እሱም ፍጡር ነው ብዬ። እሱን ግን ሞት ተወው" አሉ፣ ለራሳቸው። እኔ ብቻ ሰማሁ። አስተውሉ፦ ጸበሉ ለአኳሪየሙም ለባልዲውም ደርሷል፤ የቧንቧው ውሃ የደረሰው ለአኳሪየሙ ብቻ ነው። በእኛ ትምህርት ይህ ማነጻጸሪያ ይባላል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይመልሰዋል። ያን ወር ለዘጠነኛ ክፍል ይህንኑ አስተምሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ትርሲት ጠናባትና መምህራን ተሰብስበን ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃት ቀጨኔ ሄድን። ጸበል የሚቀዳበት ጀሪካን ከበሩ ኋላ ተደፍቷል። ምሳዋን የምታበላት አክስቷ ነበረች። ትርሲት ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

"እማዬ፣ አንቺ አጉርሺኝ።"

እትዬ አስካለ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። "የእኔ እጅ ይቅርብሽ። ጸበሉን እንኳ ወደ ሞት የለወጠ እጅ ነው።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዘጋችው። አክስቷ የጠቀለለችውንም አልጎረሰችም። እኔስ? ማብራሪያው ምላሴ ላይ ነበር። ክሎሪን፣ ባልዲ፣ ማነጻጸሪያ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የተቀመጥኩት ከእጃቸው አንድ ክንድ ርቄ ነው። ብርቱካን ላጥኩ።

ትርሲት አሁንም አለች፤ በየጊዜው ስትከሳ አያለሁ። እናቷ አሁንም አያጎርሷትም። ቅዳሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ እንዳልላችሁ ብዙ ቅዳሜ አልፏል፤ የትርሲት ጊዜ ደግሞ በእኔ እጅ አይደለም። ዩኒት ሊደሩ ወደ አኳሪየሙ ተመልሶ ብቻውን ይኖራል። ድንጋዩ ሁሉ የእሱ ነው፣ የሚያሳድደው የለም። ስቀርብ መስታወቱ ድረስ መጥቶ ያየኛል።

ወጣት ነበርኩ፣ ደነገጥኩ፣ አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የእናንተ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ውሃ ጠፍቶ በሚመለስበት ቀን አንድ ብርጭቆ ከቧንቧው ቅዱ። ሌላውን በባልዲ ካደረው ውሃ ቅዱ። ሁለቱንም አሽትቱ። ከዚያ ሽታው ከአፍንጫችሁ ሳይጠፋ "አላወቅኩም ነበር" ማለት ትችሉ እንደሆነ እስቲ ሞክሩት።