ሦስት ሳጥን ለአንድ ሬሳ

አያቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የሬሳ ሳጥን ይሠሩ ነበር። ልጅ ሳለሁ ስለ ግብፅ ነገሥታት መቃብር የሚያወራ መጽሐፍ ይዤ ከሱቃቸው አልጠፋም ነበር፤ እሳቸውም ፈርዖንን እየናቁ ያደጉ ይመስል ነበር የሚመልሱልኝ።

«አባባ፣ ይሄ ንጉሥ እኮ በሦስት ሳጥን ነው የተቀበረው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። የውስጠኛውማ ሙሉ ወርቅ ነው!»

ጣውላ መላጋቸውን ሳያቆሙ፣ «ልኩን የሚያውቅ አናጢ አጥቶ ነዋ!» አሉኝ።

«መቃብሩን የከፈተ ደግሞ ይሞታል።»

«ያልከፈተውስ ሊቀርለት ነው?»

ለራሳቸው የሠሩት የጥድ ሳጥን ሱቁ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ጌጥ የለውም፣ ልካቸው ነው። ባለፈው ወር ሲያርፉ ግን፣ ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ያልረገጡት አጎቶቼ «ሰው ምን ይለናል» ብለው ወርቅ ቅብ እጀታና መስታወት ያለው ሳጥን ገዝተው መጡ። ቀብሩ ላይ ሟቹን ረስተው እጀታውን ሲደባብሱ ዋሉ። እነዚህም ፈርዖን ሆኑልኝ!

ትናንት ሱቁን ስጠርግ አንድ ሰው ገብቶ የጥዱን ሳጥን ዋጋ ጠየቀኝ።

«አይሸጥም» አልኩት። «ባለቤቱ የሰው ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል።»