ከመደባችን በላይ የነበሩት እርግቦች

ውጫሌ በተከራየኋት ክፍል ቆርቆሮ ላይ እርግቦች ጠዋት ጠዋት ሲያንጎራጉሩ፣ እጄ ሳላስበው ወደ ራሴ ይሄዳል። ፀጉሬ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው።

ሐይቅ ዳር በነበረው ቤታችን እርግቦቹ የሚኖሩት ቤት ውስጥ፣ እኔና እህቴ ሙሉ ከምንተኛበት መደብ በላይ ባለው ወራጅ ላይ ነበር። እማ «ለኖኅ ቅጠል ያመጣች ወፍ ናት» ብላ አትነካቸውም ነበር፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራም «ነቢያችን በተሸሸጉበት ዋሻ ደጅ ጎጆዋን የሠራች ናት» እያሉ ጥሬ ይበትኑላቸው ነበር። ስለዚህ ኩሳቸው ትራሳችን ላይ ቢወድቅ እንኳ በሁለቱም ሃይማኖት የሚከሳቸው አልነበረም። እኔ ደግሞ ራሷ ነጭ የሆነችውን ሻሼ ብዬ ስም አውጥቼላት፣ ማሽላ አኝኬ ከከንፈሬ አበላት ነበር።

አንድ ክረምት የሻሼ ጫጩቶች አድገው በረሩ፤ በዚያው ሰሞን እኔና ሙሉ ማከክ ጀመርን። እማ ቅማል ነው ብላ ልብሳችንን በፈላ ውኃ ዘፍዝፋ፣ ብርድ ልብሱን አራግፋ፣ አልለቅ ሲላት ለአዲስ ዓመት ሹሩባ ልንሠራ ቀን የምንቆጥረውን ልጆች ቁጭ አድርጋ በምላጭ ላጨችን። እትዬ ዘሐራ በአጥር ብቅ ብለው አዩንና፣ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ለበዓሉ ሁለት ቅል አይጠፋም» አሉ። ማሳከኩ ግን ከፀጉር ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ ቀጠለ።

መስከረም ሲጠባ ከብት ሊከትብ የመጣ የእንስሳት ሐኪም መደባችን ላይ ተቀምጦ ሳለ አንገቱን አከከ፤ ቀና ብሎ ወራጁን አየና የእማን ነጭ ነጠላ ከሥር ዘርግቶ ባዶውን ጎጆ በእንጨት መታ መታ አደረገው። ነጠላው ላይ ቀያይ ነጥቦች ወደቁ። ነጥቦቹ መሄድ ጀመሩ።

«የእርግብ ቅንቅን ነው፤ የወፍ ደም ይጠጣል» አለ። «ጫጩቶቹ ሲበሩበት ራበውና ወደ ልጆቹ ወረደ።»

«ታዲያ ምላጩ?» አለች ሙሉ።

«ምላጩማ በከንቱ ደከመ።»

እማ ራሳችንን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። አባ ግን ብድግ ብሎ፣ «ዛሬውኑ በጢስ አባርሬ ቀዳዳውን በጭቃ እደፍነዋለሁ» አለ። ሻሼ ልትሄድብኝ ነው ብዬ ያንኑ ቅንቅን ያለበትን ነጠላ አቅፌ አለቀስኩ።

«ተው ይመር፣ ወላሂ ደጅህን የመረጠች ወፍ አትገፋም» አሉት አባን፣ ልቅሶዬን ሰምተው የመጡት እትዬ ዘሐራ።

«አትግፏት፤ ከመኝታችሁና ከውኃ እንስራችሁ አርቋት» አለ ሐኪሙ። ኩሱን ደርቆ ሳለ እንዳንጠርገው፣ አቧራው ለሳንባ ስለማይበጅ ውኃ አርከፍክፈን አፍንጫችንን ሸፍነን እንድናነሣው ነገረን። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንቺ ከአፍሽ ታበያታለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አላበላትም» አልኩ። ከንፈሬ ላይ ላባ ነበር።

ጎጆውን አቃጥለን፣ ወራጁን በፈላ ውኃ አጥበን፣ ቀዳዳውንም ደፍነን ሳምንት ሳይሞላ ማሳከኩ ጠፋ። አባ ንብ የሸሸውን አሮጌ ቀፎ ጓሮ ካለው ወይራ ላይ ሰቀለልኝ፤ ሻሼ ግን ቀፎውን ንቃ የተደፈነው ቀዳዳ ደጃፍ ስትንጎራደድ ሰነበተች። በየጠዋቱ ወይራው ሥር ማሽላ እየበተንኩ እለማመጣት ነበር። «እስከ መስቀል ካልገባች ተስፋሽን ቁረጪ» አለኝ አባ። በመስቀል ማግስት ባሏን አስከትላ ገባች።

ዘንድሮ በዓውደ ዓመት ዋዜማ ጎረቤቴ ምላጭ ይዛ ልጇን ስትጣራ ሰማሁ። «ማከክ አልተው አለቻ፣ ቅማል ነው» አለችኝ። ምላጩን ተቀብዬ «መጀመሪያ ጣራውን እንይ» አልኳት፤ እውነትም ከልጅቱ አልጋ በላይ ወፍ የተወው ጎጆ ነበር። እኛ ቤት ያኔ የተከበረ ወፍ ያሳክካል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ እርግቦቼን ከቤት ውጭ፣ ከመዳፌ አበላለሁ፤ ከዚያም እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። በማግስቱ ልጅቷ ሹሩባዋን እያወዛወዘች ደጄ መጥታ ዘፈነች። እኔ በእሷ ዕድሜ ያተረፍኩት ሻሼን ብቻ ነበር።