ባዶ ስልክ

ፈሪ መሆኔን ቀድሜ ልናገር። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚታየኝ ክፉው ነው፤ ስልኬ ባልተለመደ ሰዓት ሲጠራ ሳላነሣ እተወዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለመመረቂያው ቀላል ሥራ መምረጥ ነበረበት። እኔ ግን ከሁሉም የከበደውን መረጥኩ፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ወስዶ እንደ ልቡ የሚቀይረው የስልክ ስርዓተ ክወና አለ፤ እሱን ባልተሠራለት ስልክ ላይ እንዲሠራ ማድረግ።

ስልኩን ለመግዛት አቅሙ ስላልነበረኝ ላፕቶፔ ላይ ኢሙሌተር ጫንኩ። ኢሙሌተር ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ ልክ እንደ ስልክ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ ላይ መስኮት ይከፈታል፣ መስኮቱ ውስጥ ስልክ ይታያል፤ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ግን የለም። በግጭቱ ትምህርት ተቋርጦ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታችን ተበትነን ስለነበር፣ ዳንግላ ቤታችን ሆኜ ኢንተርኔት በሌለበት፣ መብራት በመጣ ቁጥር እየተሻማሁ ነበር የምሠራው። ለወራት ያየሁት ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ነጫጭ ጽሑፍ እየተንደረደረ ይወርድና አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አባቴ ላሙ እንደታመመችበት ሰው በበሩ ብቅ ይልና «ዛሬስ ተነሣ?» ይለኛል።

በመጨረሻ ተነሣ። ግን ከሦስት ሙከራ አንዴ ነበር የሚነሣው፤ ለምን እንደሆነም አላውቅም። ያንኑ ሰሞን አማካሪዬ እንጅባራ መጥቼ ሥራዬን እንዳሳይ አስጠራኝ። በተነሣበት እንዲቆይልኝ ብዬ ኢሙሌተሩን ሳልዘጋ የላፕቶፑን ክዳን ብቻ ከደንኩት። አማካሪዬ ፊት እምቢ ካለኝ አልቆልኛል ብዬ ነበር የፈራሁት።

ለመንገዱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረኝ። መንገድ ላይ ስልክ ይፈተሻል። መንገደኛው ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት ፎቶውን ያጠፋል፤ ግን ጨርሶ ባዶ ማድረግም አይሆንም፤ ባዶ ስልክ የተገኘበት ሰው ምን ጠረግህ ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ የሠርግ ፎቶዎችና ጥቂት መዝሙሮች ስልኬ ላይ ተውኩ። በዚህ ብልጠቴ እየተኩራራሁ ላፕቶፑን ረሳሁት። አባቴ ብቻሽን አልሰድሽም ብሎ አብሮኝ ተሳፈረ።

አዲስ ቅዳምን አልፈን፣ ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ብቻ በሆነበት ቦታ፣ መሣሪያ የያዙ ፈታሾች ሚኒባሱን አስቆሙት። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ወርደን ተሰለፍን። አንዱ ፈታሽ ላፕቶፔን ከቦርሳው አወጣና የይለፍ ቃሉን አስገቢ አለኝ። አስገባሁ። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ይኼ የማን ስልክ ነው?»

«ስልክ አይደለም።»

«እያየሁት አይደለም ትይኛለሽ?»

ፎቶ ከፈተ፤ የለም። የተደወለ ቁጥር፤ የለም። ስም ዝርዝር፤ አንድም ሰው የለም። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ምንድነው የጠረግሽው?»

«ምንም አልጠረግሁም። ሲነሣም ባዶ ነው። ኢሙሌተር ነው፤ ከርነሉ...» የማይሆን ቃል ሁሉ ከአፌ ይወጣል። እያንዳንዱ ቃል ይበልጥ እንደሚያስጠረጥረኝ እየገባኝ ማቆም አቃተኝ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ በቀስታ ራቅ አለች፤ አልፈረድኩባትም፣ እኔም ብሆን እርቅ ነበር።

«ይኼ ምስሉ ነው። ዋናው ስልክ የት አለ? ነይ ወዲህ።»

እግሬን ሳላነሣ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ከሰልፉ ወጣ።

«የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ስልኩ። የጠረግሁትም እኔ ነኝ። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

አባቴ አረንጓዴውን ተጭኖ ከማንሣት በቀር ስለ ስልክ የሚያውቀው የለም። በሕይወቱ አንድ ፎቶ እንኳ አላጠፋም። ወስደው መንገድ ዳር በተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ ላይ አስቀመጡት፤ አንዱ መሣሪያውን ይዞ አጠገቡ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ለራሴ ነበር የፈራሁት። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ፍርሃት ልበለው ምን ልበለው አላውቅም።

«ወንድሜ» አልኩት ፈታሹን፣ «የፈለጉትን ነገር ይጻፉበት። ልዝጋውና እንደገና ላስነሣው። የጻፉት ይጠፋል። ማስታወስ ገና አላስተማርኩትም፤ ለዚህ ነው ባዶ የሆነው።»

«ባይነሣስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቁጥሮች ጻፈና ላፕቶፑን መለሰልኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ዘጋሁት፤ አስነሣሁት። ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ የማውቃት መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«አየሽ!» አለ።

«አንዴ ብቻ፣ በእናትዎ።»

ደግሜ አስነሣሁት። ወደ አባቴ ማየት ፈራሁ፤ ባየው የማለቅስ መሰለኝ። ያቺ መስመር መጣች፤ ቆመች። ጣቶቼን ነከስኩ። ከዚያ ቀጣዩ መስመር ወረደ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ስክሪኑ በራ። ፈታሹ ቁጥሮቹን ፈለገ፣ አጣቸው፣ ደግሞ ፈለገ። ወደ እኔ ዞሮ «እና ይኼ ምን ይጠቅማል?» አለ።

«እንጃ» አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

ሳቀና ወደ ማዳበሪያው ተጣራ፤ «አባት፣ ይነሡ፣ ይሂዱ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። አባቴ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ያያል። እንጅባራ ልንገባ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቤታችን ቋንቋ በአዊኛ፣ ያጠፋሁት ነገር ምን እንደነበር ጠየቀኝ።

ደነገጥኩ። «አባዬ፣ ምንም የለም እኮ። ስልክም የለም» ብዬ በአዊኛም በአማርኛም፣ ባገኘሁት ቃል ሁሉ አስረዳሁት። አላቋረጠኝም፤ እስክጨርስ ሰማኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከሰልፉ የወጣው ንጹሕ መሆኔን ስለሚያውቅ አልነበረም፤ አንድ ነገር እንዳጠፋሁ አምኖ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የኔ ነው ብሎ ነው የወጣው።

«እሺ ልጄ» አለኝ፤ አሁንም አላመነኝም። «ስንመለስ ግን ስልኩን እኔ እይዘዋለሁ።»