አጥንቱ ሳይጠና

ፔኒሲማኒ በቤተ ክርስቲያናችን ማርሽ ባንድ ውስጥ ቀዳሚው ጥሩምባ ነፊ ነበር። ኒውዚላንድ፣ ደቡብ ኦክላንድ ውስጥ እሱን የማያውቅ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣ ሰው አልነበረም። ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እሱ ሲነፋ ወሬ የያዙ አሮጊቶች እንኳ ዝም ይሉ ነበር። እኔ ከኋላው ሆኜ ቱባ የሚባለውን ግዙፍ ጥሩምባ እነፋ ስለነበር አውቃለሁ።

በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሉ የአሳማ ጥብስ ተሸክሞ ሲወጣ እርጥቡ ደረጃ አዳለጠው። ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። የሚነቀል ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባ፤ ግን ሲነፋ እየተንቀሳቀሰ አስቸገረው። በመጨረሻ ከሚስቱ ከሉፔ ጋር ሻሊኒ የምትባል የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ራጅ አንስታ አሳየችው።

"ጥርስ ሲወልቅ ይዞት የነበረው አጥንት ይሳሳል። አሁን አዲሱን ጥርስ የሚሸከመውን ብሎን ብተክል የሚይዘው የለም። መጀመሪያ የተፈጨ አጥንት እሞላና በስስ ሽፋን ሸፍኜ ድዱን እሰፋዋለሁ። የራስዎ አጥንት ቀስ እያለ በውስጡ ያድጋል። ጥርሱን የምንተክለው ከዚያ በኋላ ነው።"

"የማን አጥንት ነው?"

"የከብት። ታጥቦ የጸዳ።"

"በቃ፣ ጥሩምባዬ እምቧ ሊል ነው!"

ሉፔ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

"ድዱ እስኪገጥም መንፋት የለም። ስፌቱ ከተከፈተ ሁሉም ይበላሻል።"

ሥራው በደህና አለቀ። እብጠቱ ጎደለ፤ ሾርባ እየጠጣ መቀለድ ጀመረ። በሳምንቱ አባቱ ሞቱ።

እኛ ቶንጋውያን ዘንድ ቀብር ላይ የአባት እህት ቃል አይታጠፍም። አክስቱ ሜሌናይቴ እንደ ለቅሶ ልማዳችን ወገቧን በሰሌን ጠቅልላ ፊቱ ቆመች።

"አንተ፣ ጥሩምባህ የታለ?"

"አክስቴ፣ አፌ ተሰፍቷል። ሐኪሟ ከልክላኛለች።"

"ወንድሜ አፈር ሲለብስ ልጁ ቆሞ ሊያይ ነው? አንድ መዝሙር አቃተህ?"

ሉፔ ክንዱን ያዘችው። "ተው፣ እባክህ!"

"አባቴ እኮ ነው፣ ሉፔ።"

ነፋ። እንደዚያን ቀን ሲነፋ ሰምቼው አላውቅም። መዝሙሩ ሳያልቅ ደም በአገጩ ወረደ፤ ነጭ ሸሚዙን አቀላው። አላቆመም።

ድዱ ተከፈተ፤ መግል ያዘ። ሻሊኒ የሞላችውን ሁሉ ጠርጋ አወጣች።

"እንደገና አይሞከርም?" አላት።

"አጥንቱ ከበፊቱም ሳስቷል። ከዳሌዎ ተወስዶ ሊሞከር ይችላል። ግን የጥሩምባውን ጫና ይችላል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።"

"ይቅር" ብሎ ወጣ።

ሜሌናይቴ እያለቀሰች ቤቱ መጣች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁህ" አለችው።

"የነፋሁት እኔ ነኝ" አላት።

የባንዱ አለቃ ከበሮ ሰጠው። ለአንድ ልምምድ ብቻ መጣ። የእሱን ቦታ የያዘው ነፊ ሲጀምር ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ተከትዬው "ፔኒ!" ብዬ ጠራሁት፤ ዞሮም አላየኝ።

አሁን እሁድ እሁድ ባንድ ወደሌለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሉፔ ግን እኛ ጋ ቀርታ ብቻዋን ትቀመጣለች።